ወርቃማው ዘመን የማን ነበር?

በየሳምንቱ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። ሙሉ ልብስ የለበሱ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች፣ ከፊታቸው ማይክሮፎን የጨበጠ ወጣት፣ አጭር ቀሚስ ያደረጉና ፀጉራቸውን ከፍ አድርገው የተሠሩ ልጃገረዶች። ከሥሩ የሚጻፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምን ነበርን፣ ምን ሆንን!» አስተያየት ሰጪው ይቀጥላል። ያኔ ሬዲዮ ሬዲዮ ነበር። ያኔ ዘፈን ግጥም ነበረው። ያኔ ወጣቱ ሲደንስ እንኳ በሥርዓት ነበር። አብዛኛው አስተያየት ሰጪ ያን ዘመን በዓይኑ አላየውም። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ሰው ያልኖረበትን ዘመን ሊወድ ይችላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ መውደድ ጠበቃ አያስፈልገውም። የሚያከራክረው በዘፈኑ ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ መሠረት ንጉሡ ጥበብ ወዳድ ነበሩ፣ ከተማው ሰላም ነበር፣ ሬዲዮው ጨዋ ነበር፣ የዳንስ አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ከዚያ «ዘመን ተለወጠና» ሁሉም ጠፋ፤ የዛሬው ወጣት ደግሞ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አያውቅም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሳይሸራረፍ የሚቆመው ዘፈኑ ጥሩ መሆኑ ብቻ ነው። ሌላው ተመርጦና ታጥቦ የቀረበ ነው፤ ሲታጠብ የተወገደው ደግሞ ሙዚቃውን የሠሩት ሰዎች ታሪክ ነው።

ከልብሱ መጀመር ይሻላል። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ ወታደሮች ናቸው። የአገሪቱ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ነበሩ። ተጫዋቹ በደመወዝ የተቀጠረ፣ ለአለቃው ሰላምታ የሚሰጥ፣ ቀን ለሰልፍ ማርሽ ማታ ለግብዣ ዳንስ የሚጫወት ሰው ነበር። አለቃው ሳይፈቅድለት ሌላ መድረክ ላይ መውጣት አይችልም። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛው አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ሆነ። ወንጀሉ የክብር ዘበኛ ዘፋኝ መሆኑ ነበር። ዛሬ «የንጉሡ ዘመን ድምፅ» እየተባለ የሚወደሰው ሰው ያ ዘመን በቁጥጥር ሥር ያዋለው ሰው ነው። ፎቶግራፉ ሥር ይህ ተጽፎ አያውቅም።

«የራሳችን የሆነ ንጹሕ ጥበብ» የሚለው ትምክህትም ቢሆን ከታሪኩ ጋር አይስማማም። ያ የትንፋሽ ሙዚቃ የተተከለው በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ባመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ነው። ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአንድ ትውልድ ዘፋኞችን አሠለጠነ። ወርቁ ከተባለ ወርቁን ካነጠሩት መካከል ስደተኞች አሉበት። ዛሬ የድሮ ዘፈን እያጋራ «መጤ» እያለ የሚሳደብ ሰው ይህን ቢያውቅ ምን እንደሚል መስማት ደስ ይላል።

ወርቃማው ዘመን ከሚባለው ውስጥ እጅግ የሚናፈቀው ክፍል ግን ሸክላው ነው፤ የሸክላው ታሪክ ደግሞ ለዙፋን ናፋቂዎች እጅግ የማይመች ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ ግን በመብቱ እምብዛም አልተጠቀመበትም። ለሃያ ዓመት ያህል የአገሪቱ ምርጥ ድምፆች በመድረክና በሬዲዮ ክር ላይ ቀሩ። አድማጭ የሚወደውን ዘፈን ለመስማት ሬዲዮው እስኪለቅለት መጠበቅ ነበረበት። ሬዲዮው ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣት ድንጋጌውን እያወቀ ጣሰው። ዘፋኞቹን አስቀርጾ ሸክላውን ውጭ አገር አሳተመና መሸጥ ጀመረ። ከዓለማየሁ እሸቴ የጀመረው አምሃ ሬከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። በሩ መከፈቱን ያየው አሊ አብደላ ኬፋ፣ አሊ ታንጎ የሚባለው፣ ተከተለ። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያሳተመው እሱ ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚባለው፣ ጃፓን ውስጥ እንኳ ሰብሳቢ ያለው፣ በአብዛኛው የእነዚህ ጥቂት ዓመታት ፍሬ ነው። እንግዲህ ይህ «ዘመን» ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ አይሞላም። እንዲኖር ያደረገው የዙፋኑ ችሮታ ሳይሆን የዙፋኑን ድንጋጌ የጣሰ ነጋዴ ድፍረት ነው። የዘመኑ ምስጋና ለማን ይሁን ከተባለ ለሕግ ተላላፊው ነው።

አዳራሹስ? ዙላ፣ አሪዞና፣ የራስ ሆቴልና የጊዮን ባንዶች፣ ከዚያ ደግሞ ውቤ በረሃ። ስለ ውቤ በረሃ የሚወራው ወሬ ሁሉ የሚወራው በወንድ አፍ ነው። ማን ምን እንደጠጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው መኮንን ሽጉጥ እንደመዘዘ፣ የትኛዋ ሴት ምን ያህል ቆንጆ እንደነበረች። ሴትየዋ ከየት እንደመጣች አይወራም። ያለ ዕድሜዋ ከተዳረችበት ከጎጃም ወይም ከወሎ መንደር አምልጣ የመጣች፣ ተመልሳ ብትሄድ የሚቀበላት የሌለ፣ ጠጅ ጥላ፣ ቡና ቤት ከፍታ፣ ራሷን ሸጣ የዚያን ሰፈር ሌሊት በትከሻዋ የተሸከመች ሴት ናት። የሰፈሩን ወግ የሚጽፉት በእሷ ቤት ሲጠጡ ያደሩ ሰዎች ናቸው፤ ሒሳባቸውን ሁሉም መክፈላቸው ያጠራጥራል።

መድረክ ላይ የወጣችውም ብትሆን ዕጣዋ ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። አስናቀች ወርቁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መድረክ ላይ ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት፤ ክራሯንና ድምፅዋን የሚያወድሰው ብዙ ነው፣ በሕይወት ሳለች የወረደባትን ስድብ የሚያነሳው ግን ጥቂት። የክብር ዘበኛዋ ብዙነሽ በቀለም እንዲሁ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል በዚያ ወርቃማ ዘመን ሙያ መጠሪያ ብቻ አልነበረም፤ ስድብ ነበር። ልጁን ለዘፋኝ የሚድር ቤተሰብ ለማግኘት ብዙ መፈለግ ያስፈልግ ነበር። ራሱ ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ የጠረገ፣ አሪዞና ክለብ በተላላኪነትና በጥቃቅን ሥራ የገባ ልጅ ነው። አንድ ቀን ዘፋኝ ሲቀር ተተክቶ ዘፈነና ሕይወቱ ተለወጠ። ያን ቀን ዘፋኙ ባይቀር ኖሮ ስንት ማሕሙድ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ሲያጥብ እንደቀረ የሚያስብ ናፋቂ ቢኖር ናፍቆቱ ትንሽ ጨዋነት በተማረ ነበር።

«ያኔ ሴት ልጅ የፈለገችውን ለብሳ ትሄድ ነበር፣ ማንም አይነካትም» የሚለውም በብዙ ፎቶዎች ሥር ይገኛል። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎች «የባህል ወረራ» ብለው ተነሱ፤ ወደ አዳራሹ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፣ ተተራመሱ። መንግሥት በበኩሉ ተማሪዎችን አሰረ፣ ዩኒቨርሲቲውን ዘጋ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ወገኖች በአጭር ቀሚስ ሰበብ ጡንቻቸውን አሳዩ፤ ሴቶቹን ግን ምን ትላላችሁ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ያ ወጣት ትውልድ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲደንስ የኖረ አልነበረም። ከፊሉ ዳንሱን ንቆ «መሬት ለአራሹ» እያለ በዱላ የሚደበደብ ነበር። ፎቶው ላይ የሌለው እሱ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አገሩን የለወጠው፣ እንደ ቅጠል የረገፈውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ሬዲዮው። ናፋቂው አብዝቶ የሚያነሳው የድምፁን ጥራት ነው፤ የአንባቢዎቹን አማርኛ፣ የዘፈን ምርጫውን፣ የእሑዱን ትረካ። ይህ ውሸት አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበት ድምፅ ማንበብ ለማይችል አገር ትልቅ ልብ ወለድ አደረሰ፤ እስካሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ይሰማል። ነገር ግን የሬዲዮ ጨዋነት የሚለካው በሚናገረው ብቻ አይደለም፣ በሚደብቀውም ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ያ ጨዋ ሬዲዮ ዘፈን እያሰማ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች በመንገድ ዳር ሲወድቁ የአገሪቱ ጣቢያ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝት ይዘግብ ነበር። ዓለም የሰማው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልም አንሥቶ በአገሩ ቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያውያን ያን ፊልም በራሳቸው ቴሌቪዥን ያዩት መቼ ነበር? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት። ደርግ የረሃቡን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። እውነቱ የወጣው ለሕዝብ ተብሎ አልነበረም፤ ባለ ጠመንጃው ለራሱ ጉዳይ ስለፈለገው ነው። ያው ጣቢያ ከሁለት ወር በኋላ ያለ ፍርድ የተገደሉትን ስድሳ ያህል ሰዎች በዜና አሰማ። አንባቢው ያው፣ አማርኛው ያው፣ የድምፁ ጥራት ያው። ናፍቆት የድምፁን ጥራት ያስታውሳል።

ከዚያ «ዘመን ተለወጠ» ይባላል። ዘመን ራሱን አይለውጥም። አዳራሹን የዘጋው በስሙ ሊጠራ የሚችል ነገር ነው፤ ሰዓት እላፊ ይባላል። ደርግ ከመጣ ጀምሮ እስኪወድቅ ድረስ ማለት ይቻላል አዲስ አበባ ሌሊቷን ተነጠቀች። የሌሊት ሥራ የነበረው ባንድ ሁሉ ወይ ፈረሰ ወይ ትልልቅ ሆቴል ውስጥ ተጠጋ። በሒልተን የሚጫወተው ዋልያስ ባንድ የሰዓት እላፊው ደቂቃ ሲደርስ በሩ ይቆለፍና እስኪነጋ ይጫወት ነበር፤ ታዳሚው የሚወጣበት ስለሌለው እስከ ንጋት ይደንሳል። ይህን እንደ ጣፋጭ ትዝታ የሚያወሩ አሉ። ጣፋጭነቱ ለነበሩት የሚታወቅ ነው፤ ከሒልተን ቅጥር ውጭ ግን ያው ሌሊት የቀይ ሽብር ሌሊት ነበር። ግጥሙ በሳንሱር፣ ሸክላው በገበያ መዘጋት፣ ሙዚቀኛው በስደት አለቀ። አምሃ እሸቴ በ1967 ዓ.ም. አገር ጥሎ ወጣ፤ ወንጌልን ከሙዚቃና ከዜና ጋር ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 ዓ.ም. ተወረሰ።

ለደርግም ቢሆን ናፋቂ አልጠፋለትም። በየቀበሌው የተቋቋመው ኪነት ስንት ድምፃዊና ስንት ተጫዋች እንዳወጣ በኩራት ይነገራል፤ እውነትም አውጥቷል። ነገር ግን ታዳጊው የሚጨፍረው ተሰልፎ፣ የሚዘፍነው ለአብዮቱና ለመሪው ነበር። ወንድሙ የታሰረበት ልጅ እንኳ ልምምድ ቢቀር የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። የድሮ ሥርዓት ሁሉ ለወጣቱ ያለው ፍቅር እንዲህ ነው፤ እኔ ባዘዝኩህ ሰዓት፣ እኔ በፈቀድኩልህ ግጥም ደንስ ይለዋል።

ይህ የማስታወስ ብልሃት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ብዙ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ከተጠለሉባት ከዋሽንግተን የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቀው በባልቲሞር ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1957 እስከ 1964 «የበዲ ዲን ትርዒት» የሚባል የታዳጊዎች የዳንስ ፕሮግራም በአካባቢው ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። የከተማዋ ነጭ ወጣት ከትምህርት ቤት እየሮጠ ቤቱ ይገባል፣ አዲሱን ዳንስ ከዚያ ይማራል። ጥቁር ታዳጊዎች ከነጮቹ ጋር አብረው መደነስ አይፈቀድላቸውም፤ ለብቻቸው የተመደበ ቀን ነበራቸው። የሚዘፈነው ግን በአብዛኛው የጥቁሮች ሙዚቃ፣ የሚጨፈረውም የጥቁሮች ዳንስ ነበር። አብረው ይደንሱ የሚል ግፊት ሲበረታ ጣቢያው ከመቀላቀል ይልቅ ፕሮግራሙን ዘጋው። ለብዙ ዓመታት በባልቲሞር ስለዚያ ፕሮግራም የተወራው ስለ ፀጉር አሠራርና ስለ ጫማ ብቻ ነበር። በኋላ ግን የከተማዋ ልጅ ጆን ዋተርስ «ሄርስፕሬይ» የተባለውን ፊልም ሠራበት፤ ተመራማሪዎችም ከፊላደልፊያ ይተላለፍ የነበረውን ዝነኛውን «አሜሪካን ባንድስታንድ» ሳይቀር በር ላይ ማን ይመለስ እንደነበር እየቆጠሩ ጻፉበት። ዛሬ አንድ አሜሪካዊ ያን ዘመን ሲናፍቅ ቢያንስ የሚመልስለት ሰው አያጣም። እዚህ የሚመልስ ሲገኝ «ቅናተኛ» ይባላል።

የናፍቆቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ የዛሬው ወጣት ነው። ኮምፒዩተር ላይ ምት ሠርቶ፣ ሠፈሩ ውስጥ ቀርጾ፣ ራሱ ያሠራጨ ልጅ መልሱ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የውጭ ኩረጃ ነው፣ ግጥም የለውም፣ ባህል ያበላሻል። ይህ ስድብ አዲስ ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ በጎልማሶቹ ዓይን የኤልቪስ ፕሪስሊና የጄምስ ብራውን ኮፒ ነበር፤ ፀጉሩም፣ አለባበሱም፣ መድረክ ላይ መወራጨቱም ያስነቅፈው ነበር። የዚያ ዘመን ወጣት ዳንስ የተማረው ከአስመራው ቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ፣ ከሰላም ጓድ መምህራን ሻንጣ ከወጣ ሸክላ፣ ከፊልም ቤት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑን ከየትኛውም የኢትዮጵያ ክፍለ ሀገር አላመጣውም። የትናንቱ ኩረጃ ዛሬ ቅርስ ሆኗል። ቅርስ መሆኑን የነገረን አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሆነ ደግሞ ቀጥሎ ይመጣል፤ እሱም አያኮራም።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድን ሸክላ በአጋጣሚ ሰምቶ ለዓመታት ሲቆፍር ቆይቶ በ1990 ዓ.ም. ገደማ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች ፓሪስ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሠላሳ ያህል ደረሱ። አዲስ አበባ የናፈቀችው የራሷ ዘፈን ከፓሪስ በሲዲ ተመለሰላት። ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ከእነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በስደት የሠራውን አንድ ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ አግኝቶ በአውሮፓውያኑ 2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉ ከታክሲው ወርዶ ወደ ዓለም መድረክ ወጣ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ካሴቱ ባሕር ዳር ውስጥ ለዓመታት ሲሸጥ የኖረ መሆኑን ሲያስቡት ግን ደስታው ይቀንሳል። ናፋቂው ሕዝብ በየቀኑ አልፎት ይሄድ ነበር።

ለነገሩ አገር ውስጥ የሠሩ የሉም ማለት አይደለም። ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ላይ አንጋፋዎችን ቁጭ አድርጋ ማናገሯ ለብዙ ሰዓታት የሚዘልቅ የታሪክ መዝገብ አስቀርቷል፤ ከነመታሰራቸው፣ ከነድህነታቸው፣ ከነቂማቸው ተናግረውበታል። ይህ የአንድ ጣቢያ፣ የጥቂት ሰዎች ጥረት ነው። ቀሪው የኤፍኤም ሰዓት በእንግሊዝ እግር ኳስ መሞላቱን መናገር አያስፈልግም፤ ማንም ታክሲ የተሳፈረ ያውቀዋል።

ትልቁ ሀብት ግን ያለው የመንግሥት ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ነው። ሸክላ ማሳተም ተከልክሎ በኖረባቸው ሃያ ዓመታት የተዘፈነው ሁሉ፣ ከተቀረጸ፣ የተቀረጸው በሬዲዮ ክር ላይ ነው። ኦርኬስትራዎቹ፣ አዝማሪዎቹ፣ ትረካዎቹ፣ ድራማዎቹ። ክር ደግሞ የማይጠፋ ነገር አይደለም። ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል፣ ሻጋታ ያወጣል፣ ሲያረጅ እየተላላጠ ከማጫወቻው ላይ ይቀራል፤ ማጫወቻ ማሽኑና ማሽኑን የሚጠግን ሰውም እየጠፋ ነው። በየዓመቱ የአንጋፋ ሐዘን ሲሆን ሦስት ዘፈን እየተመረጠ ይለቀቃል፤ ያው ሦስቱ። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በ2013 ዓ.ም. በወራት ልዩነት ሲያርፉም እንዲሁ ሆነ፤ ማልቀሻ ሙዚቃ ተገኘ፣ አገር አለቀሰ፣ መጋዘኑ እንደነበረ ቀጠለ።

እነዚያ ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው ከዚህ ሁሉ ናፍቆት ምን ያገኛሉ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኙ የሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ በ1960ዎቹ የተቀረጸው ሥራ አንድ በአንድ ከጥበቃው እየወጣ ነው። የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ከሞቱ በኋላም ይቀጥላል፤ ሳክስፎኑን የነፋው ወታደር ግን ቀኑ አልፎበታል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ሮያሊቲ የሚሰበስቡ ማኅበራትን መንገድ አሰፋ፤ በመንገዱ እስኪሄድ ድረስ ግን ብዙዎቹ ባለመብቶች በሕክምና ገንዘብ ማሰባሰቢያ ፖስተር ላይ ታዩ። የድሮ ዘፈን ምሽት ብሎ ትኬት የሚሸጥ ሆቴል፣ የድሮ ዘፈን በማስታወቂያው የሚያስገባ የቢራ ፋብሪካ፣ የድሮ ፎቶ እያጋራ ተከታይ የሚሰበስብ ገጽ ሁሉም ከናፍቆቱ ያተርፋሉ። ተጫዋቹ ይናፈቃል።

ፖለቲከኛውም ያተርፋል። ሥልጣን ላይ ያለ ሁሉ ትናንትን የሚያወድሰው ትናንት ስለማይጠይቀው ነው። የዛሬ የምሽት ቤት ሲታሸግ፣ የዛሬ ዘፈን ከጣቢያ ሲወርድ፣ የዛሬ ዘፋኝ በግጥሙ ሲጠራ «እሱ እኮ ጥላሁን አይደለም» የሚል ሰው በቂ ድጋፍ ነው። ጥላሁንም በጊዜው ጥላሁን አልነበረም። በክብር ዘበኛ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ፣ ሊታሰር የሚችል፣ የታሰረም ሰው ነበር።

ስለዚህ ፎቶውን የሚያጋራ ሰው እውነት የሚናፍቅ ከሆነ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ የሚጠይቅበትም ሕግ አለ። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት ተቋም መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የሬዲዮው ክር ስንት ነው? ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው? ስንቱ ወደ ዲጂታል ተገልብጧል? ስንቱ ተበላሽቷል? ዝርዝሩን ተራ አድማጭ፣ ተማሪ፣ የሙዚቀኛው ልጅ ከፍቶ የሚያየው የት ነው? ከክሩ የሚገኘው ገቢ ለማን ይከፈላል? አንድ ገጽ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ ለጣቢያው ይገባል። ሕጉ ለመልስ የጊዜ ገደብ ያስቀምጣል፤ ገደቡ ካለፈ ደግሞ አቤቱታ የሚቀርበው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው።